ያለፍክበት መንገድ ሙያ ሲሆን

አረቄ የተወ ሰው ደብረ ታቦር ውስጥ ሁለት ባላጋራ አለው። አንደኛው ራሱ አረቄው ነው። ሁለተኛው የትናንት ጓደኛው ነው፤ መለኪያዋን ወደ እሱ ገፋ እያደረገ «ዛሬ ደግሞ መነኮስክ እንዴ?» የሚለው። ሁለቱንም አሸንፈህ ስድስት ወር፣ ዓመት፣ ከዚያም በላይ የሞላህ ወንድሜ፣ የዛሬው ጽሑፍ ያንተ ነው። ጫቱን እርግፍ አድርገህ የተውከውም ና። ከወለድሽ በኋላ የመጣብሽን ጨለማ አልፈሽ ዛሬ ልጅሽን በጠዋት ትምህርት ቤት የምታደርሺውም ነይ። የአእምሮ ሕመም መድኃኒትህን በሰዓቱ እየወሰድክ ሱቅህን ከፍተህ የምትውለውም ቅረብ።

የምላችሁ ይኼ ነው። ያያችሁት መከራ ለሌላ ሰው መዳኛ ሊሆን ይችላል፤ ግን እንዲሁ በራሱ አይሆንም። መሠልጠን አለባችሁ።

አንዳንዶቻችሁ ከወዲሁ ፊታችሁን ስታኮሳትሩ ይታየኛል። «እኔ ኖሬበት ያየሁትን ማን ሊያስተምረኝ ነው?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አልቆጣም። መልሱን ግን ከእኔ ሳይሆን ከአንዲት ኢትዮጵያዊት ሕይወት ስሙት።

ማሚቱ ጋሼ በገጠር የተወለደች፣ ፊደል ያልቆጠረች ልጅ ነበረች። አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ምጥ ያዛት፤ ምጡም ለቀናት ቆየ። ልጇን አጣች፤ እሷም በፊስቱላ ክፉኛ ተጎዳች። እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ደረሰች። በዚያ ሆስፒታል ሬጂናልድ እና ካትሪን ሐምሊን የሚባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ከሦስት ዓመት በፊት ከአውስትራሊያ መጥተው ሥራ ጀምረው ነበር። ማሚቱ ታከመች። ወደ መንደሯ ግን አልተመለሰችም፤ እዚያው ቀረች። አልጋ ታነጥፋለች፣ እንደ እሷ ተጎድተው የሚመጡትን ታጥባለች፣ ታጽናናለች። ከዚያ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታ መሣሪያ ማቀበል ጀመረች። ዶክተር ሬጂናልድ እጇን እያዩ፣ ደረጃ በደረጃ አስተማሯት። ማየት፣ መርዳት፣ መስፋት። በመጨረሻ ራሷ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆና አረፈችው! ሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ፣ ዲግሪ የጫኑ ሐኪሞችን የምታሠለጥን ሴት። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳይ ሰጣት፤ ከእሷ ጋር የተሸለሙት አስተማሪዎቿ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ቢቢሲ በዓመቱ መቶ ሴቶች ዝርዝር ውስጥ ስሟን አሰፈረ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ሲያወራው «ተጎድታ ነበር፣ ጀግና ሆነች» ብሎ ይዘላታል። መሃሉን ግን አትዝለሉት! በመሃል ያለው ረጅሙ የሥልጠና ዘመን ነው። ማሚቱን ቀዶ ሐኪም ያደረጋት መጎዳቷ አይደለም፤ ስንትና ስንት ሴት በዚያው ዘመን በዚያው ጉዳት ተጎድታ ከሰው ተደብቃ ኖራለች። ልዩነቱን ያመጣው አጠገቧ የቆመ አስተማሪ፣ የእሷም ለመማር መታዘዝ ነው። መጎዳቷስ ከንቱ ቀረ? በጭራሽ። ከሩቅ ገጠር ተጉዛ ሽንቷ እየፈሰሰ፣ ከሰው ራቅ ብላ ጥግ ይዛ የምትቀመጠውን ልጅ ሲያዩ ሐኪሙ በሽታውን ያያል፣ ማሚቱ ግን የልጅቱን ውስጥ ታውቃለች። እውቀቱና ሙያው ሲገናኙ ነው ነገሩ የሠመረው። ሐምሊኖች የመሠረቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ይህን ቀድሞ ስለገባው የዳኑ ታካሚዎችን አሠልጥኖ በረዳት ነርስነት ሲያሠራ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2005 የባሕር ዳሩ ማዕከል ሲከፈት ደግሞ ይህ ሥራ ወደ እኛ ቀረበ፤ ከደብረ ታቦር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ጠዋት የተሳፈረ ቀትር ሳይሆን ይደርሳል።

ወደ አረቄው ልመለስ፤ ያም የራሱ ታሪክ አለውና።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ አክሮን በምትባል ከተማ ቢል ዊልሰን የሚባል ሰው ሆቴል ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። የአክሲዮን ነጋዴ ነው። መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው። ለንግድ የመጣበት ጉዳይ ከሽፏል፤ ኪሱ ባዶ ነው፤ ከሆቴሉ መጠጥ ቤት ሳቅና ጫጫታ ይሰማል። ሐራራው ተነሳበት። ያን ጊዜ ያደረገው ነገር ነው የሚገርመኝ። ከመጠጥ ቤቱ ዞሮ ወደ ስልኩ ሄደና ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች እየደወለ «መጠጥ ያስቸገረው ሰው ታውቃላችሁ? ላናግረው እፈልጋለሁ» አለ። ሌላውን ለማዳን ብቻ አልነበረም፤ ራሱ እንዳይወድቅ ነው። አገናኙት፤ ሰውዬው ቦብ ስሚዝ የሚባል ቀዶ ሐኪም ነበር። የሁለቱ ሰዎች ጨዋታ ዛሬ በዓለም ዙሪያ «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» እየተባለ የሚጠራው ማኅበር መነሻ ሆነ። ቦብ ሐኪም ነው፤ አልኮል ጉበትን ምን እንደሚያደርግ ከቢል በላይ ያውቃል። የጎደለው እውቀት አልነበረም። የጎደለው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የወጣ ሰው ነበር።

እኛም አገር ቢሆን ይህን ሥራ ከባዕድ የተማርነው አይምሰላችሁ። ኤች አይ ቪ በደጋውም በቆላውም ሰው እየጨረሰ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች መቅድም፣ ቀጥሎም ተስፋ ጎህ የተባሉ ማኅበራትን አቋቁመው ፊታቸውን ሳይሸፍኑ አደባባይ ወጡ። በዚያን ጊዜ አከራይ ቤት ያስለቅቅ ነበር፣ ዘመድ ሳህን ይለይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር ሆስፒታሎች አዲስ ችግር ገጠማቸው፤ ሰው መድኃኒቱን ይጀምርና ይጠፋል። ማን ፈልጎ ያምጣው? ነርሷ ክፍሏን ትታ ቀበሌ ለቀበሌ አትዞርም። እዚህ ላይ ነው ራሳቸው መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎች ሠልጥነው፣ ክፍያ ተቆርጦላቸው ሥራ የገቡት። ነፍሰ ጡሯን «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ፤ ልጄ ነጻ ነው፣ ይኸውልሽ» የምትላት እናት አማካሪ ሆና ተቀጠረች። ደግሞ ጠበሉና ክኒኑ እንዲጣሉ የሚፈልግ ብዙ ነበር፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩ ግን የእነዚህ ሰዎች ሥራ ስንት እጥፍ ቀለለ! ዛሬ በጤና ልጆቹን የሚያሳድገው ስንቱ ሰው በሕይወት ያለው፣ አንድ ቀን ጠዋት በሩን አንኳኩቶ «ቀጠሮህ አለፈ እኮ፣ ምነው ቀረህ?» ያለው ሰው ስለነበረ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ለኤች አይ ቪ የሠራው መንገድ ለአረቄው፣ ለጫቱ፣ ለአእምሮ ሕመሙ ለምን አይሠራም? ይሠራል። ዓለምም ይህን ተቀብሎታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በሕመሙ ያለፉ ሰዎች ለሌሎች ስለሚሰጡት ድጋፍ መመሪያ አውጥቷል። አሜሪካ ውስጥ ጆርጂያ የተባለችው ክፍለ ግዛት በ1999 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሥራ ከመንግሥት የጤና መድን ክፍያ እንዲፈጸም በማድረግ ፈር ቀዳለች። ዛሬ በዚያ አገር የሙያ ፈቃዱን ለማግኘት የሚመከረው ከ40 እስከ 60 ሰዓት ሥልጠና፣ ከዚያም በአለቃ እየታዩ የሚሠሩት 120 ሰዓት የተግባር ልምምድ ነው። ቁጥሩን ልብ በሉት። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ግባ አላለህም። ከአንድ የክረምት ወራት ያነሰ ጊዜ ነው!

ሥልጠናው ውስጥ ምን አለ? እስኪ አዳራሹን በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት። ወንበሩ በክብ ተደርድሯል። ሁለት ሠልጣኞች መሃል ገብተዋል፤ አንዱ ገና ያላቆመ ጠጪ ሆኖ ይጫወታል፣ ሌላው ሊረዳው የመጣ ነው።

«ወንድምዓለም፣ ይህ አረቄ ልጆችህን እንዴት እንዳስራበ አታይም?» ይላል ሊረዳ የመጣው።

አሠልጣኟ ታስቆመዋለች። «ይህን ሚስቱ ነግራዋለች። እናቱ አልቅሳ ነግራዋለች። የንስሐ አባቱም ገሥጸውታል። አንተ ምን ጨመርክለት?»

ሠልጣኙ ራሱን ያካል። ሁለተኛ ይሞክራል፣ ሦስተኛ ይሞክራል። በስተመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድምዓለም፣ ዛሬ ጠዋት ስትነሳ እጅህ እንዴት አደረ?» ይላል። ጠጪውን የሚጫወተው ሰው ያልጠበቀው ነገር ነው። እጁን ያያል። «ይንቀጠቀጣል» ይላል። «የኔም ይንቀጠቀጥ ነበር። የቡና ሲኒ መያዝ አልችልም ነበር፤ በሁለት እጄ ነበር የምይዘው።» አለቀ። በሩ ተከፈተ። ያንን ጥያቄ መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ አይጠይቀውም፤ የኖረበት ብቻ ነው የሚያውቀው። የኖረበትም ቢሆን ካልሠለጠነ በስብከት ነው የሚጀምረው። ስብከት ለሁላችን ይቀናናል፤ አገራችን የመካሪ ድርቅ ኖሮባት አያውቅም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ትምህርት ሰው ከሞት ያተርፋል፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረን ሰው «ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ እንዳትቀምስ» ብሎ ቤት ቆልፎ ማስቀመጥ ፍቅር ይመስላል። ሊገድለው ግን ይችላል። ሰውነቱ አልኮሉን ለምዷል፤ በድንገት ሲቀርበት በመጀመሪያው ቀን መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት ይጀምረዋል። በቀጣዮቹ ሰዓታት የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሌለ ነገር እያየ፣ ትኩሳት ይዞት፣ ቀንና ሌሊቱ ሊጠፋበት ይችላል። ጎረቤት ይህን ሲያይ «ጋኔን ያዘው» ይላል። የሠለጠነ ደጋፊ ግን ወዲያው አውቆ ሆስፒታል ይወስደዋል፤ ይህ መድኃኒት ያለው ሕመም ነውና። ዳግም አረቄ ወደ 45 በመቶ የሚጠጋ አልኮል ሊኖረው እንደሚችል ያወቀ ሰው፣ በቀን ግማሽ ጠርሙስ የሚጨርሰውን ወንድሙን በምክር ብቻ ላስቁመው አይልም።

ስለ ራስህ ታሪክም ትማራለህ። ምስክርነት እንወዳለን፤ መድረክ ላይ ወጥቶ ከእንባ ጋር ረጅም ታሪክ መተረክ፣ ማስጨብጨብ። ለመድረክ መልካም ነው። ፊት ለፊትህ ለተቀመጠ ለተጨነቀ ሰው ግን ያንተ ታሪክ ሰዓት ይበላበታል። ሥልጠናው ታሪክህን ወደ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር እንድታሳጥረው፣ ለእሱ የሚጠቅመውን ብቻ መዝዘህ እንድታወጣ፣ ከዚያ ዝም ብለህ እንድትሰማ ያደርግሃል። ዝም ማለት ከባዱ ክፍል ነው።

ሚስጥር መጠበቅ ደግሞ በከተማችን ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይከብዳል። ደብረ ታቦር ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። የእገሌ ልጅ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚውል፣ ከማን ጋር እንደታየ ቡና ሳይፈላ ይታወቃል። ስለዚህ ከምትረዳው ሰው ጋር ገበያ ላይ ስትገናኙ ቀድመህ ሰላም አትለውም፤ እሱ ካለህ ትመልሳለህ። ሚስቱ «ምን አለህ?» ብላ ብትጠይቅህ «ራሱ ይንገርሽ እታለም» ትላለህ። አንድ ጊዜ አፍህ ካመለጠህ አለቀልህ፤ ወደ አንተ የሚመጣ አይኖርም። አንዱ ብቻ ነው ከዚህ ውጪ የሚሆነው፤ ራሱን ሊያጠፋ ወይም ሌላውን ሊጎዳ እንደሚያስብ ከነገረህ ለሐኪም ታሳውቃለህ። ይህንንም ገና መጀመሪያ ስትገናኙ ትነግረዋለህ።

ድንበርህን ታውቃለህ። ሐኪም አይደለህም፣ መድኃኒት አታዝዝም፣ «ክኒኑን ተወው» አትልም። ቄስ አይደለህም፤ ጠበል እሄዳለሁ ካለህ አትከራከረው፣ መድኃኒቱን ይዞ እንዲሄድ ታግዘዋለህ። አበዳሪም አይደለህም። ይህኛው ሲባል ቀላል ይመስላል፤ ግን «ለጤፍ ሃምሳ ብር ብቻ ጋሼ» የሚልህን ሰው እምቢ ማለት የይሉኝታ አገር ልጅ ለሆንን ሁሉ ጭንቅ ነው። ሰጥተኸው አረቄ ቢጠጣበት ግን ሁለታችሁም ታፍራላችሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት መንገድ ይቀይርብሃል። አዳራሹ ውስጥ ይህንን እምቢታ አፍህ እስኪለምደው ድረስ ትለማመደዋለህ።

ስለ ማገርሸት ደግሞ ሥልጠናው የሚያስተምረው እውነት እፎይ የሚያሰኝ ነው። ሱስ ያገረሻል። የደም ግፊትና የስኳር ሕመምተኛም አመጋገቡን ያበላሻል፣ መድኃኒቱን ይረሳል፤ ማንም ግን «በቃ ይህ ሰው አይረባም» አይለውም። ለሱሰኛው ብቻ ነው ፍርዳችን የሚፈጥነው። የምትረዳው ሰው ቢያገረሽበት ሽንፈት ነው ብለህ አትሸሽ፤ በማግስቱ በሩን የምታንኳኳው አንተ ነህ። አንተም ራስህ ብትናወጥስ? ለዚህ ነው የሠለጠነ ደጋፊ ሁሉ በየሳምንቱ የሚያማክረው የበላይ ባለሙያ ሊኖረው የሚገባው። የሰው ጭንቀት ብቻህን ተሸክመህ አትዘልቅም።

«ደግሞ እኛ ገጠር ይህ ሁሉ ይሠራል?» ለምትሉኝ አንድ ነገር ላንሳ። በጉራጌ ሶዶ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የተሠራ ጥናት አለ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በላንሴት ግሎባል ኸልዝ ታትሟል። በ48 ንዑሳን ቀበሌዎች፣ 166 ሕሙማን ላይ ነው የተሠራው። በግማሾቹ ቀበሌዎች ከጤና ጣቢያ ሕክምናው በተጨማሪ በአካባቢው ተመልምለው የሠለጠኑ፣ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ይደግፏቸው ነበር። ከዓመት በኋላ የሕሙማኑ የዕለት ኑሮ፣ ሥራቸውና ከሰው ጋር መዋላቸው ድጋፉን ካላገኙት ይልቅ ተሻሽሎ ተገኘ። እነዚያ ሠራተኞች የሕመሙ ልምድ ያላቸው አቻዎች አልነበሩም፤ ተራ የሰፈር ልጆች ናቸው። ታዲያ የሰፈር ልጅ ሠልጥኖ ይህን ካደረገ፣ ላዩ ላይ የኖረበት ልምድ ሲጨመርለትስ?

አሁን ወደ ጉና ግርጌ፣ ወደ ራሳችን እንምጣ። ደብረ ታቦር ባዶ እጇን አይደለችም። ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አላት፤ የአእምሮ ሕክምና አገልግሎቱም እዚያው አለ። ጤና ሳይንስ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አላት። ፎገራ፣ ሊቦ ከምከም፣ እስቴ፣ ስማዳ ድረስ እያንዳንዱን ቤት በስም የሚያውቁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። እድር አለ፣ የጽዋ ማኅበር አለ፣ ሰው ከሰው የሚለይበት ቀን የለም። የጎደለው እነዚህን የሚያያይዝ የሠለጠነ ሰው ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጋፋት የሚባለውን ስፍራ ታውቁታላችሁ፤ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሥሩ ሲሏቸው በዚያ የሰፈሩት የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያን አብዛኞቹ መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበር። እየሞከሩ፣ እያበላሹ፣ እየተማሩ ነው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያወጡት። እኛ ደግሞ የምንጠይቀው መድፍ አይደለም፤ የአርባ ሰዓት ሥልጠና ነው።

ይህ ሥራ ለጠጪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ሲደርስ ሴቶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል አሥራ ስድስት ሴቶችን አነጋግሮ ከወራት በኋላ ይፋ አድርጎታል። ከዚያ ቁስል የሚያገግም ሰው ሐኪምም ምግብም ይፈልጋል፤ ግን ደግሞ «እኔም እዚያ ነበርኩ፣ ዛሬ ደህና ተኝቼ አድራለሁ» የምትል እህት ትፈልጋለች። ያቺ እህት ያለ ሥልጠና ከገባች የራሷ ቁስል ተከፍቶ አብራ ልትወድቅ ትችላለች። ለእሷ ሥልጠናው ራሱ መጠበቂያ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ለኃላፊዎች ነው። በዚህ አገር የዳነን ሰው «ለወገንህ በነጻ አገልግል» ማለት ልማድ ሆኗል። አንድ ቀን ቲሸርት ይሰጠዋል፣ ውሎ አበል ይከፈለዋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ይረሳል። ይህ ነውር ነው። ደጋፊው ሥራ የሌለው፣ ገና ራሱን እያቋቋመ ያለ ሰው ነው፤ በነጻ እያሠራኸው ጠዋት ምን በልቶ ይውጣ? ኤች አይ ቪ ላይ የሠራው ነገር የሠራው ደመወዝ ስለነበረው ነው። ትንሽም ብትሆን የወር ክፍያ፣ መታወቂያ ባጅ፣ ጤና ተቋሙ ውስጥ የሚቀመጥበት ወንበር ይኑረው። ወንበሩን አትናቁት። ትናንት ከጠላ ቤት ተጎትቶ የወጣ ሰው ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ የራሱ ወንበር ሲኖረው ሌላው ታካሚ ሲያይ፣ ከመቶ ፖስተር የበለጠ ይናገራል።

ሕጉም ቢሆን ከእናንተ ጎን ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ በሬድዮና በቴሌቪዥን የአልኮል ማስታወቂያም ቀርቷል። ግን አዋጅ በር አያንኳኳም። በር የሚያንኳኳው ሰው ነው።

አንተስ ከዛሬ ጀምሮ ምን ታደርጋለህ? በመጀመሪያ ቸኩለህ አትዝለል። ካቆምክ ገና ሁለት ሳምንት ከሆነህ የራስህን መዳን ጠብቅ፤ ጊዜህ ይመጣል። ዓመት ገደማ ጸንተህ ከቆየህ፣ ታሪክህን ስትናገር እጅህ ካልተንቀጠቀጠ፣ ቤተሰብህም ካወቀና ከተስማማ ዝግጁ ነህ። ደብተር ግዛ፤ በሐራራው ጊዜ ምን እንደረዳህ፣ ማን ምን ብሎህ እንደጎዳህ፣ የትኛው ሰዓት እንደሚከብድህ ጻፈው። ሥልጠናው ሲመጣ ያ ደብተር መማሪያህ ይሆናል። እንዳንተ ያገገሙ ሦስት አራት ሰዎችን ፈልገህ በሳምንት አንድ ቀን ሻይ ጠጡ፤ ሻይ ብቻ! እንደ ሀገር ደግሞ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ማኅበር አዲስ አበባ ውስጥ አለ፤ ሕመሙን ያለፉ ሰዎች ራሳቸው የሚመሩት ማኅበር ነው። ከእነሱ ተማሩ፤ የደብረ ታቦር ቅርንጫፍ ማን ይክፈተው ብሎ ሌላ ሰው መጠበቅ አያስፈልግም።

አንቺም እህቴ፣ ስታገግሚ «ደግሞ ይህን ለሰው ልናገር? ባሌ ምን ይላል፣ ሰው ምን ይላል?» ብለሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ። ሁሉን በአደባባይ ተናገሪ አላልኩሽም። ይህ ሥራ ከመድረክ በታች የሚሠራ ነው፤ አንድ ለአንድ፣ በተዘጋ በር፣ በሠለጠነ አንደበት።

የሰኞ ጠዋት ሥራህ ይህ ይሁን። ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂድና «አገግሜያለሁ፣ ሌላውን ማገዝ እፈልጋለሁ፣ አሠልጥኑኝ» በላቸው። ቦታ የለም ቢሉህ ዩኒቨርሲቲው ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሂድ፤ ማስተማር ሥራቸው ነው። እዚያም ነገ ና ቢሉህ ነገ ሂድ። ብቻህን ግን አትሂድ፤ ያገገመ ጓደኛህን ይዘህ ግባ። ሁለት ሆናችሁ ስትቆሙ ቦታ የለም ማለት ይከብዳቸዋል።